ዓምና ስንት ነበር?

ጡረታ በወጣሁበት ቀን መሥሪያ ቤቱ ባመጣልኝ ኬክ ላይ የተሳለው ዛፍ ዘንባባ ነበር። ዘንባባ! ዕድሜዬን ሙሉ ጥድ ስለካና ስመዝን ኖሬ፣ በመጨረሻው ቀን በክሬም የተሠራ ዘንባባ ቆርሼ በላሁ። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። አሁን እዚያ ቤት የሚሠሩት ወጣቶች ዛፍ የሚያውቁት ስክሪን ላይ ነው። ጀርባቸው ላይ መሣሪያ አዝለው በጫካው መሀል ያልፋሉ፣ መሣሪያው ብርሃን እየረጨ ዛፉን ሁሉ ይቆጥራል፣ ውፍረቱንም ቁመቱንም ኮምፒውተሩ ይነግራቸዋል። ጎበዞች ናቸው። ዛፍ ነክተው አያውቁም እንጂ ጎበዞች ናቸው።

የተረፈውን ኬክ ይዤ ቤት ስገባ ልጄ ሶስና ሳቀችብኝ። ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ሩቡ ዙሉ ነው። "እማዬ፣ ሲርየስሊ፣ ጻፊው። ምን እንደምትሠሪ እኮ እስከ ዛሬ ለጓደኞቼ ኤክስፕሌን ማድረግ አልቻልኩም" አለችኝ። ምን ታድርግ፣ እኔም ለሰው አስረድቼ አላውቅም። እስኪ ልሞክር።

ስሜ ዘነበች ነው። የደሴ ልጅ ነኝ። አገር ቤት ደን ተምሬ፣ ጥቂት ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርቼ፣ ባሌን ተከትዬ ነው እዚህ የመጣሁት። ባሌ ጌታቸው ቀድሞኝ መጥቶ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ነበር። የታሰበልኝ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ተቀምጬ ዳቦና የስልክ ካርድ እንድሸጥ ነው። ሸጥኩም። ሁለት ጊዜ ሽጉጥ ተደገነብኝ። ከሁለተኛው በኋላ "ጌታቸው፣ እዚህ ፍርግርግ ውስጥ ከምሞት ጫካ ገብቼ ጅብ ቢበላኝ ይሻለኛል" አልኩት። "እዚህ አገር ጅቡም ታጥሮ ነው የሚኖረው፤ ለመበላትም ትኬት መቁረጥ አለብሽ" አለኝ። ቀልዱን ይቀልዳል እንጂ እሱም ፈርቶልኝ ነበር፤ እንቅልፍ አልነበረውም።

ሥራውን ያገኘሁት በወሬ ነው። ዱርንፎንቴን በሚባለው ሰፈር ብርድ ልብስ የምትነግድ የአገሬ ልጅ ነበረች። አንዲት ደንበኛዋ "የእኔ መሥሪያ ቤት እንጨት የሚያደርቅ ሰው ይፈልጋል" ብላ ነገረቻት፤ እሷ ደግሞ ለእኔ። እንጨት ማድረቅ ምን ሥራ ነው ብዬ እየሳቅሁ ሄድኩ፤ ሄጄ ቀረሁ።

መሥሪያ ቤቱ በሰሜን በኩል፣ ሊምፖፖ ተራሮች ላይ ያሉ የጥድ ደኖች በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያድጉ፣ ዝናቡና ሙቀቱም ምን እንደሚያደርጋቸው የሚያጠና ነው። ጥድ ስል የአገራችንን ጥድ አይደለም፤ የፈረንጅ ጥድ የምንለውን፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የረዘመውን ፓቱላን ነው። ደኑ እዚያ፣ ምድጃው እዚህ ጆሃንስበርግ። የተቆረጠው ዛፍ ቅጠሉ ለብቻ፣ ቅርንጫፉ ለብቻ፣ ግንዱ ለብቻ ሆኖ በጆንያ ይመጣል፤ እኔ አደርቀዋለሁ፣ እመዝነዋለሁ። ባዮማስ ባዮማስ የሚሉት ነገር ሌላ ተአምር የለውም፤ ዛፉ ውስጥ ያለው ውኃ ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ የሚተርፈው ክብደት ነው። ያ ግዙፍ ጥድ ግማሹ ውኃ ብቻ መሆኑን ያወቅሁ ቀን ለዛፉ አፈርኩለት።

ደረቀ የሚባለው መቼ ነው? ሚዛኑ ዝም ሲል። ትመዝኚዋለሽ፣ ወደ ምድጃው ትመልሺዋለሽ፣ አውጥተሽ ደግመሽ ትመዝኚዋለሽ። ትንሽ እንኳን ከቀነሰ ገና ነው። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት ሲመጣ ያኔ ጨርሷል። በዚህ ሥራ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደሞዙ የሚያኮራ አልነበረም፤ የአሳይለም፣ የጥገኝነት ወረቀቴን ለማሳደስ የተሰለፍኩበትንም ቀን ከእረፍቴ ይቆርጡብኝ ነበር። ስለ ወረቀት መጻፍ ከጀመርኩ ግን ሌላ መጽሐፍ ስለሚሆን ይብቃኝ።

የማይለቀኝ ሽታው ነበር። ጥድ ሲደርቅ ልክ የወለል ማጽጃ ነው የሚሸተው፤ ጸጉሬ፣ ነጠላዬ፣ ቦርሳዬ ሁሉ ያንን ይሸታል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የምትቆም ሴትዮ ጠጋ ብላ፣ "እህቴ፣ ሽንት ቤት ማጠብ ነውር አይደለም፤ ግን ጓንት አድርጊ፣ እጅሽን ይጨርሰዋል" አለችኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት እንጂ ምን እላለሁ።

ከምድጃው ክፍል ያወጣችኝ ዶክተር ኤልሳቤ ናት። የአፍሪካነር ገበሬ ልጅ፣ ረጅም፣ ፊቷ የማይፈታ፣ በዕድሜ የምታንሰኝ አለቃ። በመጣች በሳምንቷ ምድጃው ክፍል ገብታ፣ "ዘነበች፣ ደን የተማርሽ ሰው እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። "እኔም ጠይቄ ነበር፤ የሚመልስልኝ አጣሁ እንጂ" አልኳት። አልሳቀችም። በሚቀጥለው ወር ግን መኪና ላይ ተጭኜ ወደ ሰሜን ሄድኩ፣ ከንታቴ ሴሎ ጋርም ተዋወቅሁ።

ንታቴ በአካባቢው ሰዎች ቋንቋ አባት ማለት ነው። ንታቴ ሴሎ በወጣትነታቸው እነዚያን ጥዶች በገዛ እጃቸው የተከሉ፣ ከዚያ ደግሞ በየዓመቱ ለኪ ሆነው የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ሜትር ይይዛሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ለብዙ ዓመት የነበረን ሥራ ይህ ነው። የምንለካው በእነሱ ክረምት ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ፣ የእነሱ ክረምት ደረቅ ብርድ፤ ዛፉ ማደጉን አቁሞ የሚያርፍበት ወር። ገና በመጀመሪያው ቀን ስሜ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። "ዝናብ ጣለች ማለት ነው" አልኳቸው። "ፑላ!" ብለው ሳቁ። ፑላ ዝናብ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘነበች የሚለውን ስም ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም።

አቤት ያ ሰውዬ ለሥራ! መጀመሪያ ዛፉ ሥር የተከመረውን ደረቅ ቅጠል በእግራቸው ጠርገው አፈሩን ያገኛሉ። ሌላው ሠራተኛ ቅጠሉ ላይ ቆሞ ይለካል፤ በየዓመቱ ቅጠሉ ሲከመር እሱም በየዓመቱ ከፍ ከፍ እያለ ቀጭኑን ይለካል ማለት ነው። ዳገት ላይ ከሆነ ሁልጊዜ ከላይኛው በኩል ይቆማሉ። ከዚያ በመዳፋቸው ልጣጩን ዳበስ ዳበስ ያደርጉታል፣ የተላቀቀውን ያራግፋሉ፣ ሜትሩን ደረታቸው ከፍታ ላይ ሳይጠመዝዙ ያዞራሉ። ሜትሩ ዙሪያውን ሲያቅፍ ውፍረቱን በሳንቲሜትር የሚነግር ዓይነት ነው። ቁጥሩን ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ እኔ ጮክ ብዬ እደግማለሁ፣ እሳቸው "ኤ" ይላሉ፤ "አዎ" ማለት ነው። "ኤ" ካላሉ አይጻፍም።

አንድ የማይነካ ሕግ ደግሞ ነበራቸው። የዓምናው ቁጥር በወረቀቱ ላይ ከጎን አለ፤ እኔ አየዋለሁ። አንድ ጊዜ ላግዝ ብዬ "ዓምና ሠላሳ አንድ ነበር" ስላቸው ሜትሩን ከዛፉ ፈትተው ጠቀለሉት።

"ፑላ፣ የዓምናውን አትንገሪኝ። ከሰማሁ ዓይኔ ወደዚያ ያደላል። ዛፉ ራሱ ይናገር" አሉ።

ምሳ እስክንበላ አላነጋገሩኝም። ዓይናቸው እንዳያደላ ሲሉ ያንን ዛፍ መጨረሻ ላይ ተመልሰው ለኩት። ሰው ከሥራ አለቆቹ የሚማረው ጥቂት ነው፤ እኔ ሥራ ማክበርን የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ቦታው ላይ ትንሽ የአየር ጠባይ ጣቢያም ነበረች፤ ነጭ ሣጥን ውስጥ የሙቀት መለኪያ፣ አጠገቡ የዝናብ መለኪያ። ንታቴ በየጠዋቱ ዝናቡን አይተው ጆሃንስበርግ ይደውሉልኛል። እኔ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ፣ ከአንዱ ብብት ሥር ሆኜ ስልኬን አነሳለሁ። "ፑላ፣ ዛሬ ሰባት ሚሊ!" ሲሉ ደስታቸው ታክሲውን ይሞላዋል።

ከዚያ ድርቁ መጣ። መጀመሪያ ዝናቡ ዘገየ፣ ቀጥሎ ጨርሶ ቀረ። በየጠዋቱ ስልኩ ሲጮህ የምሰማው አንድ ቃል ሆነ፤ "ዜሮ።" ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት "ዜሮ።" ጆሃንስበርግም የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ሆነ፤ ጌታቸው በሱቁ ከዳቦ ይልቅ ባልዲ መሸጥ ጀመረ። እኔ የንታቴ ድምፅ መድከሙን የድርቁ ነው አልኩ። ዜሮን ለማንበብ ዓይን እንደማያስፈልግ ያኔ ማን አሰበ?

በድርቁ ክረምት ለመለካት ስንሄድ ንታቴ ዛፉን እንደ ወትሮው ጠርገው፣ ዳብሰው፣ ሜትሩን አዞሩና ቀስ ብለው፣

"ዓምና ስንት ነበር?" አሉኝ።

ገረመኝ። ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ደክሟቸዋል፣ ለማመሳከር ይሆናል ብዬ ነገርኳቸው። የዓምናውን ትንሽ አለፍ የሚል ቁጥር ጠሩ። ደገምኩ። "ኤ" አሉ። በሚቀጥለውም ዛፍ እንዲሁ። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ።

ነገሩ የወጣው ጆሃንስበርግ፣ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከአንዳንዶቹ ዛፎች በቀጭን መሰርሰሪያ እስከ መሀሉ እየበሳን እርሳስ የምታክል እንጨት እናወጣ ነበር፤ እዚያ ላይ የእያንዳንዱ ዓመት እድገት ቀለበት ሆኖ ይታያል። ጥቂቶቹ ዛፎች ላይ ደግሞ እኔ ራሴ የማነበው የብረት ቀበቶ አለ፤ ዛፉ ሲወፍር አብሮ ይሰፋል። ቀለበቶቹን በአጉሊ መነጽር ሳይ የድርቁ ዓመታት ከክር የቀጠኑ ናቸው። ቀበቶዎቹም አልተነቃነቁም። የንታቴ ሜትር ግን ዛፎቹ በደግ ዓመት እንደሚያድጉት አድገዋል ይላል። አንዱ ዛፍ ቢሆን ስህተት ነው ይባላል፤ ሁሉም ዛፍ እንዲህ ሲሆን ግን ስህተት አይባልም። ያ "ዓምና ስንት ነበር?" የሚለው ጥያቄያቸው ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ለሰው መናገር አቃተኝ። ለጌታቸው ብቻ ነገርኩት። "እርግጠኛ ሳትሆኚ በሰው አባት ላይ አትናገሪ" አለኝ። ልክ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ግን አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም ደስ የሚል መንገድ አልነበረም።

እንደገና ወደ ሰሜን ስንወጣ አንድ ቀጭን ዛፍ ጋ ደረስን፤ በሁለት ክንዴ አቅፌው እጆቼ የሚደራረቡበት ዛፍ ነው። ንታቴ ሥሩን ጠረጉ፣ ልጣጩን ዳበሱ፣ ሜትሩን አዞሩ።

"ዓምና ስንት ነበር?"

የጎረቤቱን፣ የወፍራሙን ዛፍ ቁጥር ነገርኳቸው።

አፍንጫቸው ሜትሩን እስኪነካ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በዚያ በለመድኩት ትልቅ ድምፅ፣ "ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት!" አሉ። ዛፉ እኮ ሃያ አምስት እንኳን አይሞላም።

መድገም ነበረብኝ። አፌ አልከፈት አለኝ።

"ፑላ?"

እርሳሱን ከወረቀቱ አነሳሁ።

"ድገሚው እንጂ።"

"አልችልም፣ ንታቴ" አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ።

ሜትሩን ፈትተው፣ በደንብ ጠቀለሉና ደረቁ ቅጠል ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"መቼ አወቅሽ?"

"ቀለበቶቹን ሳይ። ዓይንዎን ምን አገኘው?"

"የግራው ከሄደ ቆይቷል። በቀኙ ሰው መሆንሽን አያለሁ፤ ማን መሆንሽን ግን በድምፅሽ ነው የማውቀው። የሜትሩ ቁጥር ከጠፋብኝ ድርቁ ከገባ ጀምሮ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? እኔ ባዳ ነኝ?"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? ወይ ታሳጪኛለሽ፣ ወይ ትዋሺልኛለሽ። ሁለቱንም ላንቺ አልመኘውም።" ሜትሩን በመዳፋቸው እያገላበጡ ቆዩ። "ሚስቴ የለችም። ልጆቼ ፕሪቶሪያ ናቸው። እኔ ያለኝ ይህ ሥራ ነው ፑላ፤ ይህን ከወሰዱብኝ ጠዋት ለምን እነሳለሁ? አንድ ደግ ዓመት የሚጨምረውን ጨመርኩላቸው። ሰማይ ቢነፍጋቸው እኔ ልንፈጋቸው እንዴ?"

ለመሳቅ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እጃቸውን ያዝኩት። ምን ይባላል? ሳዝንላቸውም ስናደድባቸውም አንድ ላይ ነበር። የዓምናውን አትንገሪኝ ብለው ያኮረፉኝ ሰው ናቸው እኮ!

"ለዶክተሯ ማን ይንገራት?" አልኩ በመጨረሻ።

"እኔ" አሉ። "አንቺ አብረሽኝ ግቢ እንጂ አታውሪ።"

ጆሃንስበርግ እስክንደርስ መንገዱ አላልቅ አለን። ዶክተር ኤልሳቤ ቆማ ሰማቻቸው፣ እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም። ነገሩ ከመሥሪያ ቤታችን ወጥቶ ነበር። በእነዚያ ቁጥሮች ላይ ተመሥርተን፣ እነዚህ ጥዶች ድርቁን ችለውታል ብለን ሪፖርት ልከን ነበር፤ ሰዎችም ያንን አምነው ደረቅ አገር ላይ ሊተክሉ እያሰቡ ነበር። ተሳስተናል ብላ በራሷ ፊርማ መመለስ የነበረባት እሷ ናት። ስማችን ከፊሉ በዚያ ቀን ሄደ፤ በሥራ ዘመኔ ካየሁት ውድቀት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ ሜትርም፣ ናሙናም፣ የዝናብ መለኪያም አይነኩም" አለቻቸው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለን ነበር።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ተመልሼ ገባሁ። "ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ነው የከዳቸው" አልኳት።

"ዓይናቸው አይደለም የከዳኝ፣ ዘነበች። ዝምታቸው ነው።" ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "አለቃ ከመሆኔ በፊት፣ ሥራ ስጀምር ደኑ ውስጥ ያለማመዱኝ እኮ እሳቸው ናቸው።"

ለካ እሷም የእሳቸው ተማሪ ነበረች። ይህን አላውቅም ነበር። በሩን ዘግቼላት ወጣሁ።

ንታቴን ወደ ሰሜን አልመለስኳቸውም፤ ቤቴ ወሰድኳቸው። የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እስኪደርስ፣ ከዚያም ሕክምናው እስኪያልቅ ሶስና ክፍል ተኙ፤ እሷ ሳሎን። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለ፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረችውን ጭላንጭል ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ጠብታውን የምታደርግላቸው ሶስና ነበረች። "ኡንጃኒ፣ ምኩሉ? ቀና በሉ፣ ዶንት ብሊንክ" ትላቸዋለች፤ አያቴ፣ እንደምን ነዎት ማለቷ ነው። እሳቸው ደግሞ ይኮሩባታል። ከጌታቸው ጋር ሱቅ ይውላሉ፤ ፍርግርጉ ኋላ ሆነው የሚገባውን ሰው በእግር ኮቴው ይለያሉ። ረቡዕና ዓርብ ከእኛ ጋር ሽሮ ይበላሉ፣ ደስ ይላቸዋል። ግን ጠዋት ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእኛ ሥራ ግን እውነቱ እንዲጠራ ዛፍ መቁረጥ ያስፈልጋል። ዶክተር ኤልሳቤ የጠፉትን የድርቅ ዓመታት ለመመለስ ከዚያ ቦታ ጥቂት ዛፎች ተቆርጠው ግንዳቸው በሙሉ እንዲመረመር ወሰነች። የትኞቹን እንደምንቆርጥ ስታስብ፣ "እስኪ ጠይቂያቸው" አለችኝ፤ የእሳቸውን ስም ግን አልጠራችም። ማታ ራት ላይ ጠየቅኋቸው። ማሰብ እንኳን አላስፈለጋቸውም።

"አሥራ ሰባት ቁጥርን፣ ሃያ ስድስትን፣ አርባን ውሰዱ። አብዝቼ የዋሸሁት እነሱ ላይ ነው" አሉ፤ ያነሱትን ጉርሻ መልሰው አኖሩት።

ግንዶቹ እንደ አምባሻ እየተቆረጡ መጡ፣ እኔም ምድጃው ውስጥ አደረቅኋቸው። ንታቴ የሚመለሱበት ሳምንት ሲደርስ፣ "ሳልሄድ አንድ ጊዜ ልሰናበታቸው" አሉኝ። ዛፎቹን ማለታቸው ነው። ቅዳሜ ዕለት ዶክተሯ አትመጣም ብዬ ወሰድኳቸው። በሩን ስከፍት አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎንብሳ አገኘኋት።

እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። "ናሙና አይነኩም ብያለሁ" አለች።

"ልሰናበት ነው፣ ዶክተር። ካልተፈቀደ እዚሁ በር ላይ ሆኜም ይሸተኛል" አሉ ንታቴ።

እኔ ክንዳቸውን ይዤ ልመልሳቸው ስል፣ ከፊቷ ያለውን ግንድ በሁለት እጇ አንስታ መጣችና እጃቸው ላይ አደረገችው። "አሥራ ሰባት ቁጥር ነው" አለች።

ጥድ ሲደርቅ የበጋ መጀመሪያ የሚያበቅለው ለስላሳው እንጨት ይሰምጣል፣ ጠንካራው ጥቁሩ ቆሞ ይቀራል። ንታቴ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከልጣጩ አስነስተው ወደ ውስጥ መጎተት ጀመሩ፤ ጥፍሩ ቀለበት በነካ ቁጥር ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ብዙም ሳይሄዱ ቆሙ። "ድርቁ እዚህ ነው" አሉ። ዶክተር ኤልሳቤ መነጽሯን አጥልቃ አየች። "አይደለም፣ አንድ ቀለበት አልፈውታል" አለች፤ ቀጥላም፣ "እንደገና ይሞክሩ።" እንደገና ሞከሩ። "እዚህ።" "አዎ፣ እዚያ ነው።"

ጣታቸውን ከዚያች ቦታ አላነሱም።

"ፑላ፣ በክፉው ዓመት ስንት አደገ?"

ከጣታቸው ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። "ጸጉር ታክላለች፣ ንታቴ።"

"ጸጉር?"

"አዎ፣ ጸጉር።"

"አድጓላ!" አሉ። "አድጓል በይኛ!" ሳቁ፤ በሳቃቸው መሀል እንባቸው ግንዱ ላይ ተንጠባጠበ። "ያ ሁሉ ዜሮ እያለ! ልጄን፣ አደገ!" እኔም አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

ዶክተር ኤልሳቤ እስኪረጋጉ ጠበቀች። ከዚያ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ፣ "የዚህን ዛፍ የድርቅ ዓመታት አርሜ አሁን አስገባለሁ" አለች። "የለኪው ስም የሚለውን ባዶ እተወዋለሁ። ማንም አይጠይቅም።"

"ባዶ አይሁን" አሉ ንታቴ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሲታረምም ስሜ እዚያው ይኑር።"

ጻፈችው። ፊደል በፊደል ስትመታ ድምፁ ይሰማ ነበር። ከዚያ ተነሳች፣ ንታቴን በክንዳቸው ይዛ የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ሃያ ስድስት ቁጥርን አምጥታ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው።

"ይቀጥሉ" አለቻቸው።